«አልፎ አልፎ» የነገር መሸሸጊያ እንዳይሆን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገራችን ሰው። እኛም የምንከራከርበትን ነገር ከሥሩ እንጀምረዋለን። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤና ዘገባ፣ በየስብሰባው ንግግር፣ በተማሪዎቻችንም የእንግሊዝኛ ደብተር ውስጥ አንድ ሐረግ ከዐቅሙ በላይ ሥራ በዝቶበት እናያለን። ሐረጉ «አልፎ አልፎ» ነው። የቧንቧው ውሃ ከሰባቱ ቀን አራቱን ሲጠፋ «አልፎ አልፎ የውሃ መቋረጥ ይታያል» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ሠራተኛ ከወሩ ቀን እኩሌታውን በቦታው ሲታጣ «አልፎ አልፎ ከሥራ ገበታ የመቅረት ሁኔታ አለ» ይባላል። ዝናብ ለአንዱ ቀበሌ ሰጥቶ ሌላውን ሲነሣ «ዝናቡ አልፎ አልፎ ጥሏል» ተብሎ ወደ በላይ አካል ይላካል። ሦስቱ ነገሮች በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው፤ የለበሱት ልብስ ግን አንድ ነው። ልብሱም አንድ በመሆኑ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያነበው ሰው የትኛው ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደ ሆነ ለመለየት አይችልም።

አስቀድመን ግልጽ እናድርግ፤ ጠባችን ከሐረጉ ጋር አይደለም። «አልፎ አልፎ» ያማረ አማርኛ ነው። ወዳጅ ወዳጁን «አልፎ አልፎ እንኳ ብቅ በል እንጂ» ብሎ ሲወቅሰው ቀን ቈጥሮ አይደለም፤ ናፍቆቱን ለመግለጽ ነው፤ ሐረጉም ለዚያ ይበቃል። ጠባችን ሐረጉ ከወዳጅ ቤት ወጥቶ በመዝገብ ቤት ከተሾመ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ «እንግሊዝኛው ኦኬዥናሊ፣ ስፖራዲካሊ፣ ኢንተርሚተንትሊ፣ ሬርሊ፣ ሴልደም እያለ የሚለየውን ነገር አማርኛ ሊለየው አይችልም፤ ስለዚህ በአማርኛው ዐረፍተ ነገር መካከል የእንግሊዝኛውን ቃል መሰካት ግድ ነው።» ሁለተኛው ወገን ቃሉን አይሰካም፤ ነገር ግን ለአምስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት «አልፎ አልፎ» የሚለውን ብቻ እየደገመ ይተረጕማል። ሁለቱ ወገኖች በውጭ ሲታዩ ተቃራኒዎች ይመስላሉ። በውስጥ ግን የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አማርኛ ድኻ ነው ማለት ነው። አንደኛው ድኽነቱን በብድር ሊሸፍን ይሻል፤ ሁለተኛው ደግሞ ድኽነቱን ተቀብሎ ይኖራል። እኛ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ድኻው ቋንቋው አይደለም፤ ድኻው ልማዳችን ነው።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት ትውልድ እንመርምር፤ ሰው የሚያከብረውን እንግዳ አገሩን ቢጠይቀው ነውር የለበትምና። «ስፖራዲክ» የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክ ነው፤ ሥሩም መዝራት፣ ዘርን መበተን ማለት ነው። «ሬር» የመጣው ከላቲኑ «ራሩስ» ነው፤ ትርጓሜውም የሳሳ፣ ያልጠቀጠቀ ማለት ነው። «ኢንተርሚተንት» ደግሞ በላቲን በመካከል መልቀቅን፣ ጥቂት መተውን ያሳያል። ሥርዓት የሌለውን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘለውን ሥራ የሚገልጸው «ዴሰልተሪ» የተባለው ቃል፣ በሮማውያን ዘመን ከአንዱ ፈረስ ጀርባ ወደ ሌላው ፈረስ ጀርባ እየዘለለ ይጋልብ ከነበረው ሰው ስም የተወሰደ ነው። እንግዲህ እነዚህ በየስብሰባው እንደ ጌጥ የሚነሡት ቃላት ከእርሻና ከፈረስ ግልቢያ የተገኙ ናቸው። ዘር መበተንንና የቡቃያ መሳሳትን ከማንም አስቀድሞ የሚያውቅ የገበሬ አገር ልጅ፣ ለእነዚህ ነገሮች ቃል የለኝም ቢል እንዴት ይታመናል?

አሁን ደግሞ ነገሩን ከመዝገብ ቤት አውጥተን ሕዝብ ከሚናገርበት ሥፍራ እናድርሰው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ተጉዞ፣ አንኮበርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ደጋውን በስተኋላው ትቶ ወደ አፋር ቆላ ሲያመራ በመካከል አሊዩ አምባን ያገኛል። አሊዩ አምባ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው የንግድ መንገድ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ የሐረሩም ነጋዴ፣ የደጋውም ገበሬ በዓርብ ገበያዋ ይገናኙባት ነበር።

ይህችን ከተማ የመረጥናት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የዓርቡ ገበያ በየሳምንቱ ይቆም ነበር፤ ቀኑ አይዛነፍም። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግን በየሳምንቱ አይደርስም፤ ጉዞው በበረሃው ውሃና ግጦሽ፣ በመንገዱም ሰላም ላይ የተመሠረተ ነበርና ሲቀናው ይደርሳል፣ ሳይቀናው ይቀራል። በዚያ ገበያ የሚውል ነጋዴ «በየዓርቡ» የሚለውንና «ሲቀናው» የሚለውን ቢያምታታ በሐሳብ አይደለም የሚከስረው፤ በገንዘቡ ነው። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚመጣውን፣ ተቋርጦ የሚመጣውንና ከስንት አንዴ የሚመጣውን ለይቶ መናገር ለእንዲህ ያለ ሰው የኑሮው ጉዳይ እንጂ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም።

ደግሞም የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ከዚሁ መንገድ የራቀ አይደለም። ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ የተባለው ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልንጀራው ከክራፕፍ ጋር ከታጁራ ተነሥቶ ሸዋ ገባ። እርሱ ያዘጋጀው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉም በ1842 በለንደን ታተሙ። እንግዲህ ሁለቱን ቋንቋዎች ቃል በቃል የማመዛዘን ሥራ ከተጀመረ ወደ ሁለት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የሰዋስው መጻሕፍት ወጥተዋል፤ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀርበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ እንዲሁም ቮልፍ ሌስላው ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያገባ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ታትመዋል። ይህ ሁሉ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ቃል የለንም» ማለት፣ ጎተራውን ሳይከፍቱ እህል የለንም እንደ ማለት ነው።

እስቲ አሁን በሐሳባችን አንድ ጠያቂ ወጣት ወደ አሊዩ አምባ እንላክ። በእጁ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ቅጽ ይዟል። ቅጹም አምስት ሳጥኖች አሉት፤ «ሁልጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «በጭራሽ»። ወጣቱ አንድ ሽማግሌ ያገኝና ሰላምታ አቅርቦ «አባባ፣ በአካባቢዎ ዝናብ ይጥላል?» ብሎ ይጠይቃል።

«የትኛውን ዝናብ ነው የምትለኝ ልጄ? የበልጉን ነው የክረምቱን?»

«በጠቅላላው ነው አባባ።»

«በጠቅላላውማ አላህ አይንሣን እንጂ ይጥላል። ክረምቱ እንደ ልማዱ ነው። በልጉ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚሞላልን። ሲመጣም አንድ ሰሞን ይጥልና ተግ ይላል፤ የበቀለው ሲጠወልግ ደግሞ ይመለሳል። ቢጥልም አገር ለይቶ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ረጥቦ ከወንዙ ወዲህ አቧራ ነው።»

ወጣቱም ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ እርሳሱን ያነሣና «አልፎ አልፎ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል።

ይህን የጻፍነው ለማሳቅ አይደለም። ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ አራት የተለያዩ ነገሮችን ተናግረዋል። «እንደ ልማዱ» ሲሉ ወቅቱን የጠበቀውን ለዩ። «ከስንት አንዴ» ሲሉ እንግሊዞች «ሬርሊ» የሚሉትን ተናገሩ። «አንድ ሰሞን ይጥልና ተግ ይላል፤ ደግሞ ይመለሳል» ሲሉ «ኢንተርሚተንትሊ» የተባለውን በሙሉ ገለጹ። «አገር ለይቶ» ሲሉ ደግሞ በቦታ የተበታተነውን፣ ማለት «ስፖራዲክ» በሥረ ነገሩ የሚያመለክተውን፣ በግልጽ አስቀመጡት። የቋንቋ ድኽነት በእርሳቸው ዘንድ አልነበረም። ድኽነቱ የነበረው በሳጥኑ ውስጥ ነው። የተማረው ወጣት ሀብታሙን ቃል ተቀብሎ በድኻ ቃል መለሰው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንዱ ምክንያት የሰዋስው ነው። እንግሊዝኛ ይህን መሰሉን ነገር በተውሳከ ግስ ለብቻው ይነግራል፤ አንድ ቃል ከግሡ አጠገብ ያቆምና ነገሩን ይጨርሳል። አማርኛ ግን ብዙውን ጊዜ በግሡ በራሱ ውስጥ ያስገባዋል። «ተቋረጠ» ስንል አንድ ጊዜ ነው፤ «ተቈራረጠ» ስንል ግን መላልሶ መሆኑ በግሡ ውስጥ አለ። «ነጠበ»ና «ነጠባጠበ» እንዲሁ ናቸው። ሕመም «አገረሸ» ስንል ሄዶ የነበረው ተመለሰ ማለታችን ነው፤ ሌላ ረዳት ቃል አያስፈልገውም። ዝናብ «አባራ»፣ «ጋብ አለ»፣ «ተግ አለ» ይባላል። መብራት «ብልጭ ድርግም» ይላል። ፀሐይ በዳመና መካከል «ብቅ ጥልቅ» ትላለች። ተማሪ ከትምህርቱ «ወጣ ገባ» ይላል። ትጉህ ሠራተኛ «ሳያሰልስ» ይሠራል፤ «አዘውትሮ»ም ይገኛል። ተማሪያችን ለእንግሊዝኛው አንድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ፍለጋ ሲሄድ፣ እነዚህን ሁሉ በመንገዱ ላይ እያገኘ ይረግጣቸዋል፤ ቅርጻቸው የእንግሊዝኛውን አይመስልምና። በመጨረሻም እጁ ላይ የምትቀረው «አልፎ አልፎ» ብቻ ናት።

ከዚህም የሚብስ ስሕተት አለ። «ሬርሊ» እና «ሴልደም» የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ምንም እንኳ በቅርጻቸው አዎንታ ቢመስሉ፣ ወደ አሉታ ያዘነበሉ ናቸው። እንግሊዛዊው ስለ አንድ ሐኪም ይህን ቃል ሲናገር፣ ሰሚው የሚይዘው ሐኪሙ አይመጣም የሚለውን ነው። አማርኛም ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «እምብዛም» ይባላል፤ ከአሉታ ግስ ጋርም ይሄዳል። «ሐኪሙ እምብዛም አይመጣም።» ይህን ትተን «ሐኪሙ አልፎ አልፎ ይመጣል» ስንል፣ የነገሩን ፊት ወደ ኋላ አዞርነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሁለት ቀን የሚገኝ ሐኪም በሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ሊገለጽ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው «ሐኪም ይታዘዝልን» ያሰኛል፤ ሁለተኛው «ሐኪም አለ» ያሰኛል። በሽተኛው ግን በሁለቱም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያው በደጅ ተቀምጧል።

ሌላም ምሳሌ ከሕክምና እንጨምር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡ ዘመን ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ነበር፤ የጕዞውንም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1844 አሳተመ። በዚያን ዘመን የነበሩ የአውሮጳ ሐኪሞች ዛሬ ወባ የምንለውን ሕመም «ኢንተርሚተንት» ትኩሳት ይሉት ነበር። ይህን «አልፎ አልፎ የሚመጣ ትኩሳት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ሐኪሙን ያሳስታል። አንዱ የወባ ዓይነት በ48 ሰዓት፣ ሌላው በ72 ሰዓት ትኩሳቱን እየቀሰቀሰ ይመለሳልና፤ የስሙ ምክንያት ጊዜውን ጠብቆ መልቀቁና መመለሱ ነው እንጂ ጥቂት መሆኑ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚያተኩሰው ሰውና በሁለት ሁለት ቀን የሚያተኩሰው ሰው አንድ ዓይነት በሽተኛ አይደሉም፤ አንድ ዓይነት መድኀኒትም አይሰጣቸውም።

ይህንኑ ልዩነት ሕዝባችን በኤሌክትሪክ ጉዳይ ያለ አስተማሪ ለይቶታል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲታደል በተደረገ ጊዜ፣ «መብራት በፈረቃ ሆነ» ተባለ እንጂ «መብራት አልፎ አልፎ ሆነ» ያለ ሰው አልሰማንም። በፈረቃ የሚመጣ መብራት ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ባለ ወፍጮው ይዘጋጅበታል፣ እናትም ሊጥዋን በዚያው ልክ ታቦካለች። የሚቈራረጥ መብራት ግን ሰዓት የለውም፤ ምጣዱን በመካከል ያቀዘቅዛል። ጠቅላላው የጨለማ ሰዓት በሁለቱም እኩል ሊሆን ይችላል፤ ኑሮው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ «ፈረቃ» እና «መቈራረጥ» የሚሉትን ሁለት ቃላት የፈጠረውን የሕዝብ አእምሮ እያመሰገንን፣ ሁለቱን በአንድ ሐረግ የሚደፈጥጠውን የጽሕፈት ልማድ እንወቅሳለን።

እዚህ ላይ አንደኛው ወገን እንዲህ ብሎ ይነሣብናል፤ «እንግዲያስ ትክክለኛው የእንግሊዝኛው ቃል ነውና እርሱን እንጠቀም።» ለዚህ መልሳችን አጭር ነው፤ የእንግሊዝኛውም ቃል በራሱ ትክክለኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ሲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪዎችን ሰብስቦ እነዚህን የጊዜ ቃላት በቍጥር እንዲገልጹ ቢጠይቃቸው፣ ለአንዱ ቃል ሰዎቹ የሰጡት ቍጥር የተለያየ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህም ነፍስ በሚያሠጋ ሥራ ላይ ቃሉን ብቻውን አይተዉትም፤ ቍጥር ያስሩበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ ተገኝታ የተስማማችበት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ሥርዓት፣ ነጎድጓዳማ ዳመና ከሰማዩ ስፋት ከመቶ 50 በታች ቢሸፍን አንድ ስም፣ ከመቶ 50 እስከ 75 ቢሸፍን «ኦኬዥናል» የሚል ስም፣ ከመቶ 75 በላይ ቢሸፍን ሌላ ስም እንዲሰጠው ወስኗል። ልብ ይሏል! «አልፎ አልፎ» ብለን የምንተረጕመው ቃል በአውሮፕላን ነጂው ካርታ ላይ ከሰማዩ ከግማሽ በላይ ሆኗል። እንዲሁም የአውሮጳ የመድኀኒት ተቈጣጣሪዎች በመድኀኒት ወረቀት ላይ «ሬር» የሚባለው ጉዳት ከ1,000 ሰው ከአንድ ያነሰ፣ ከ10,000 ሰው ግን አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርስበት እንዲሆን ደንግገዋል። ከዚህ የምንማረው ትክክለኛነት በቋንቋ ተፈጥሮ ውስጥ የሚበቅል ነገር አለመሆኑን ነው። ትክክለኛነት ሰዎች ተቀምጠው የሚስማሙበት ውል ነው። ውሉን በአማርኛ መዋዋል የሚከለክለን ማነው?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ ተውሳከ ግስ ነውን?» ይለናል። እኛም እንዲህ እንመልሳለን። የሰሜን ሸዋ ደጋና የምሥራቁ ቁልቁለት ከክረምቱ ሌላ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን የበልግ ዝናብ ይጠብቃሉ። በልግ ደግሞ ከክረምት ይልቅ ወረተኛ ነው። እንበልና ሁለት ቀበሌዎች በአንድ በልግ እኩል ዝናብ አገኙ። በአንደኛው ዝናቡ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጣለ። በሁለተኛው በሦስት ቀን ዶፍ ወርዶ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ጠፋ። ድምሩ እኩል ነው፤ አንደኛው ግን ያጭዳል፣ ሁለተኛው ግን ዘሩን ይቀብራል። ለሁለቱም «ዝናቡ አልፎ አልፎ ጥሏል» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ አልዋሸም፤ እውነቱንም ግን አልተናገረም። ዘገባው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ላይ እየተጠቃለለ በሄደ ቍጥር የሁለተኛው ቀበሌ ረሃብ በአንደኛው ቀበሌ ጥጋብ ውስጥ ይሰወራል።

ታሪካችን ይህን በመራራ ቋንቋ አስተምሮናል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ስፋቱ ለሕዝብና ለዓለም ሳይገለጽ ቆየ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ዓለም ደነገጠ። ያ ረሃብ በአንድ ተውሳከ ግስ ምክንያት መጣ አንልም፤ እንዲህ ማለት በሞቱት ላይ መቀለድ ይሆናል። ነገር ግን መከራን አለዝቦ የመጻፍ ልማድ ከመከራው ጋር ተባባሪ መሆኑን መካድ አይቻልም። ከዚያ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1976ም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋቱ፣ ወሬን በወቅቱና በልኩ ለማግኘት ነበር። ዛሬም የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የወቅቱን ዝናብ ሲተነብዩ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ብለው በሦስት ከፍለው ይናገራሉ፤ ለእያንዳንዱም የዕድል መጠን ይሰጡታል። እነሆ በአማርኛ የተዋዋሉት ውል ነው! ይህ ከተቻለ ሌላውም ይቻላል። ዳሩ ግን የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ምንም ያህል ቢሠለጥን፣ ከታች የሚገባለት ቃል የደበዘዘ ከሆነ ከላይ የሚወጣው ብርሃን አይሆንም።

አንድ እውነት ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። «አልፎ አልፎ» በዘገባ ውስጥ የበዛው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። ሐረጉ ምቹ ነው። ችግር የለም ብሎ የጻፈ ሰው ነገ ችግሩ ቢገለጥ ይጠየቃል፤ ችግሩ ብዙ ነው ብሎ የጻፈም ዛሬውኑ ይጠየቃል። «አልፎ አልፎ የሚስተዋሉ ክፍተቶች» ብሎ የጻፈ ግን ዛሬም ነገም አይጠየቅም። ክፍተቱን ማን አስተዋለው? የት? ስንት ጊዜ? ሐረጉ ለእነዚህ ሁሉ በሩን ዘግቶ ጸሐፊውን ከውስጥ ያስቀምጠዋል። እኛ ይህን ልማድ የምንቃወመው በንጽሕተ ቋንቋ ስም ብቻ አይደለም፤ በሥራ ታማኝነት ስም ጭምር ነው። ቃል መሸሸጊያ በሆነበት መሥሪያ ቤት ባለጕዳዩ መሸሸጊያ ያጣል።

ስለዚህ ለሦስቱም ወገን አንባቢዎቻችን ይህን እናቀርባለን።

ለመምህራን፤ የእንግሊዝኛውን የተውሳከ ግስ ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ስትጽፉ በአጠገቡ አንድ አንድ የአማርኛ ቃል አትደርድሩ። አራት ጥያቄዎችን አስተምሩ። ነገሩ የሚለያየው በጊዜ ነው በቦታ? የሚመለሰው ቀኑን ጠብቆ ነው ሳይጠብቅ? አንዱ ሥራ በመካከሉ ተቋርጦ ነው፣ ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ተራርቆ የተደረገ ነው? የበዛው የሚሆነው ነው የማይሆነው? ተማሪው እነዚህን አራቱን ከመለሰ በኋላ፣ «በየጊዜው»፣ «በፈረቃ»፣ «እየተቋረጠ»፣ «ቆይቶ ቆይቶ»፣ «እዚህም እዚያም»፣ «ከስንት አንዴ»፣ «እምብዛም» የሚሉት ራሳቸው ወደ ብዕሩ ይመጣሉ።

ለሹማምንትና ለጸሐፊዎች፤ ቍጥር በታወቀበት ሥፍራ «አልፎ አልፎ» አይጻፍ። «ውሃው ከሰባት ቀን አራቱን ጠፍቷል» ማለት ከ«አልፎ አልፎ ይቋረጣል» ይልቅ የሚረዝመው በጥቂት ፊደል ነው፤ የሚጠቅመው ግን በብዙ ሰው ነው። ቍጥሩ ካልታወቀም «አልቈጠርንም» ተብሎ ይጻፍ። አለማወቅን መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለማወቅን እንደ ዕውቀት አልብሶ መላክ ነው። ቅጽ የሚያዘጋጁም ሳጥኖቻቸውን አስቀድመው ለአንድ ገበሬና ለአንዲት ባለ ሱቅ አንብበው ይፈትኑ።

ለተማሪዎች፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ማወቃችሁ መልካም ነው፤ ሥሩን ብታውቁት ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ቤት ስትገቡ እናትና አባታችሁ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሕመም የሚናገሩትን በደብተራችሁ ጻፉ። ለእንግሊዝኛው ቃል አቻ ስታጡ ያጣችሁት ቃሉን ሳይሆን ሰሚነትን እንዳይሆን ራሳችሁን መርምሩ።

ወደ አሊዩ አምባው ሽማግሌ እንመለስና እንጨርስ። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ የተናገሩት አንዲት ቃል እንኳ ተርፋ አንኮበር አልደረሰችም፤ በሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጭረት ሆና ቀረች። እኛ የምንሻው ቃላቸው እንደ ተናገሩት ሆኖ ቁልቁለቱን እንዲወጣ ነው። ክረምቱ እንደ ልማዱ መሆኑን፣ በልጉ ከስንት አንዴ እንደሚሞላ፣ ጥሎ ተግ እንደሚል፣ ከወንዙ ወዲያና ወዲህ እንደሚለያይ የሰማ ሹም፣ የቱን ማዶ መርዳት እንዳለበት ያውቃል። «አልፎ አልፎ» የሚለውን ብቻ የሰማ ሹም ግን ደብዳቤውን አጥፎ ከፋይሉ ውስጥ ያኖረዋል፤ በዚህም ልንወቅሰው አንችልም፤ የሚያሠራ ነገር አልነገርነውምና።